ሾኩን «እስከ መጨረሻው አጥብቅልኝ» ማለት ይብቃ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቡና ለቀማ እየደረሰ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በማና፣ በጎማ፣ በሊሙ እና በሰቃ ጨቆርሳ በኩል የሚመላለስ ሞተር ሳይክል ሰው ከመጫን አልፎ ኬሻ ይጫንበታል፤ እሸቱ ወደ መፈልፈያ፣ ጀንፈሉ ወደ ገበያ። በዚህ ሰሞን በጅማ ጋራዦች በር ላይ ደጋግሞ የሚሰማው ትእዛዝ አንድ ነው፦ «የኋላውን ሾክ እስከ መጨረሻው አጥብቅልኝ።» መካኒኩም ምን እንደሚጫን፣ ማን እንደሚነዳ ሳይጠይቅ ያጠብቃል። ለቀማው አልፎ ባለቤቱ ብቻውን ሲነዳም ሾኩ እንደተወጠረ ይከርማል። ከዚያ «ይህ ሞተር ወገብ ይቆርጣል»፣ «አስፋልት ላይ ይዋልላል»፣ «ጭቃ ላይ አይያዝም» የሚል ስሞታ ይከተላል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ ሳይሆን የትእዛዙ ነው። ሾክ፣ ማለትም ሞተሩን ተሸክሞ የመንገዱን ምት የሚያረግበው ባለ ሞላ ክፍል፣ አንዴ ተጠብቆ የሚተው ነገር አይደለም፤ ጭነቱ በተለወጠ ቁጥር አብሮ መለወጥ አለበት። ለዚህም የሚያስፈልገው የሾኩን ቀለበት የሚያዞር አንድ መንጠቆ ቁልፍ፣ አንድ ሜትር እና አንድ ረዳት ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሞላውን እና የዘይቱን ሥራ እንለይ፤ ብዙው ስህተት ሁለቱን ከመደባለቅ ይነሳል። ሞላው ክብደት ይሸከማል። በሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ በጠባብ ቀዳዳዎች እያለፈ እንቅስቃሴውን ያረግባል። ሞላ ብቻውን ቢሆን ሞተሩ አንድ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ደጋግሞ ይነጥር ነበር፤ ዘይት ብቻውን ቢሆን ደግሞ ክብደቱን የሚሸከመው የለም። ቦክሰር፣ ቲቪኤስ እና መሰሎቻቸው የሥራ ሞተሮች ባላቸው ሁለት የኋላ ሾክ ላይ የምናዞረው ከ1ኛ (ዝቅተኛ) እስከ 5ኛ (ከፍተኛ) ደረጃ ያለው ቀለበት የሚነካው ሞላውን ብቻ ነው። የደከመ ዘይትን ቀለበት አዙሮ ማደስ አይቻልም።

ሞላውንም ቢሆን ቀለበቱ አያጠነክረውም። ይህን ስንል ብዙ ሰው አያምንም። በየ20 ኪሎው 1 ሴንቲ ሜትር የሚያጥር ሞላ ቀለበቱ 1ኛ ደረጃ ላይም ይሁን 5ኛ ደረጃ ላይ በየ20 ኪሎው የሚያጥረው ያው 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀለበቱ የሚለውጠው ሞላው የሚነሳበትን ቦታ፣ ማለትም የሞተሩን ኋላ ከፍታ ነው። ታዲያ ለምን ጠንካራ ሆኖ ይሰማናል? አንድ ሰው ብቻ የተቀመጠበት ሞተር 5ኛ ደረጃ ላይ ሲሆን ሞላው ሾኩን ወደ ላይ ገፍቶ ከመጨረሻው ማቆሚያ ጋር ያጣብቀዋል። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ አይቀረውም፤ ስለዚህ ተከትሎ መውረድ ሲገባው አየር ላይ ይንጠለጠላል። ተመልሶ መሬት ሲረግጥ የሚሰማው ድብደባ ነው ወገብ የሚቆርጠው። ፍሬን ሲያዝም ኋላው በቀላሉ ከመሬት ይላቀቅና ይንሸራተታል። በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ወይም ከጅሬን ቁልቁል ሲወረድ የሚታየው መንሸራተት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው፣ ጎማው አዲስ ሆኖም እንኳ።

ከፍታው መሪውንም ይነካል። ኋላው ከፍ ሲል የፊቱ ሹካ (የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ የያዙት ሁለቱ የፊት ሾኮች) ወደ ቀጥታ ይቆማል፤ መሪው ይፈጥናል፣ ግን በፍጥነት ሲነዳ ይቅበዘበዛል። ኋላው በጭነት ሲሰምጥ ተቃራኒው ይሆናል፦ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ከመስመሩ እየወጣ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ማታ የፊት መብራቱ መንገዱን ትቶ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። በምሽት ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሰርቦ አቅጣጫ የወጣ ሰው ይህን መብራት ያውቀዋል።

ትክክለኛው ቦታ የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚሰጠው ሜትር ነው፤ በእጅ ኮርቻውን ጫን ጫን አድርጎ «ጥሩ ነው» ማለት አይደለም።

ከመለካት በፊት ግን ሦስት ነገር ይታያል። የጎማው ንፋስ አንዱ ነው። አብዛኞቹ የሥራ ሞተሮች ብቻውን ለሚነዳ ሰው ከፊት ከ25 እስከ 28፣ ከኋላ ከ28 እስከ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ይፈልጋሉ፤ ሲጫኑ የኋላው ጥቂት ይጨመራል። ልኩ በሰንሰለት መሸፈኛው ወይም የኋላውን ጎማ በያዘው ክንድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጎሚስታው በግምት 45 የሞላበትን ሞተር ይዞ መጥቶ «ሾኩ ጠንካራ ነው» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው፤ ሾኩን ከመንካት በፊት ንፋሱን መቀነስ ይበቃል። ሁለተኛው የኋላ ክንዱ ቡሽ (ክንዱ የሚንቀሳቀስበት ቀለበት) ነው፦ ሞተሩን በካቫሌቶ (በመሐል መቆሚያው) አቁሞ የኋላውን ጎማ ግራና ቀኝ መወዝወዝ፤ ቋ ቋ ካለ ቡሽው አልቋል። ሦስተኛው የመሪው ኩሽኔታ ነው፦ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስቶ ሹካውን ከታች ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋትና መሳብ። መንቀጥቀጥ ካለ ይጠበቃል፤ መሪውን ቀስ ብሎ ሲያዞሩት መሐል ላይ ገብቶ የሚቀር ከሆነ ኩሽኔታው ተጎድጉዷልና ማጥበቅ አያድነውም፣ ይቀየራል። እነዚህ ሳይስተካከሉ ሾክ ማስተካከል ጊዜ ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ። ሞተሩን በካቫሌቶ አቁሙ፤ የኋላው ጎማ ተንጠልጥሎ መሬት እንዳይነካ። ከኋላ ጎማው ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) መሐል ቀጥታ ወደ ላይ፣ በኮርቻው ሥር ባለው ሻንሲ ወይም በመሸፈኛው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ርቀቱን በሚሊ ሜትር ጻፉ። ይህ የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ 520 ነው እንበል። ሞተሩን ከካቫሌቶ አውርዳችሁ ረዳቱ ቀጥ አድርጎ ይያዘው፣ ማንም ሳይቀመጥበት ለኩ፤ 510 መጣ እንበል። ከዚያ ነጂው የዘወትር ልብሱንና ጫማውን እንዳደረገ ይቀመጥ፣ እግሩን መርገጫው ላይ ያድርግ፣ አሁንም ለኩ፤ 490 መጣ እንበል። ነጂው ሲቀመጥ የሰመጠው 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያለ ሰው የሰመጠው 10።

በሾኩ ውስጥ ያሉ ጎሚኒዎችና ኦይል ሲሎች (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች) ስለሚይዙት አንዱ ልኬት ከሌላው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ነጂው እንደተቀመጠ ኋላውን አንድ ጊዜ ወደ ታች ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁትና ለኩ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ላይ አንስታችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱትና ለኩ። የሁለቱ አማካይ እውነተኛው ቁጥር ነው። ልዩነቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ሾኩ ወይም ክንዱ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቋል፤ ብዙ ጊዜ ቅባት ያልገባው የክንዱ ብሎን ነው።

የኋላው ጎማ ጠቅላላ ጉዞ፣ ማለትም ከተንጠለጠለበት እስከ መጨረሻው የሚሰምጥበት ርቀት፣ በነዚህ ሞተሮች ላይ ከ80 እስከ 110 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ነጂው ሲቀመጥ ከዚህ ከ1/4ኛው እስከ 1/3ኛው ቢሰምጥ ጥሩ ነው፤ ለ100 ሚሊ ሜትር ጉዞ ከ25 እስከ 33 ማለት ነው። ከዚህ በላይ ከሰመጠ ቀለበቱ አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ ካነሰ አንድ ደረጃ ወደ ታች። ከ60 እስከ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ብቻውን ሲሆን ብዙውን ጊዜ 1ኛ ወይም 2ኛ ደረጃ ይበቃል። ሰው ወይም አንድ የ60 ኪሎ ኬሻ ሲጨመር 3ኛ ወይም 4ኛ። 5ኛው ደረጃ ለሙሉ ጭነት የተተወ ነው፤ ጭነቱ ሲወርድ እሱም ይወርዳል።

ቀለበቱ ሲዞር ሞተሩ በካቫሌቶ ላይ ይሁን፣ ኋላው ባዶ ይሁን። በመጀመሪያ ጥርሱ ላይ የደረቀውን ቀይ ጭቃ በብሩሽና በውኃ አራግፉ፤ አሸዋ እያለ ከዞረ ጥርሱን ይበላዋል። መንጠቆ ቁልፉ ከሌለ በመዶሻና በካቻቪቴ እየመቱ ማዞር የተለመደ ነው፤ የቀለበቱ ጆሮ የሚቆረጠው፣ የሾኩ አካል የሚጎደጎደው በዚህ ነው። ግራና ቀኙ አንድ ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ 2 ሌላው 4 ከሆነ ክንዱ ይጣመማል፣ ቡሽው በአንድ ወገን ይበላል፣ ሞተሩም ወደ አንድ ጎን ይስባል። ከዚያ ሰንሰለቱን ተመልከቱ፦ ኋላው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የሰንሰለቱ ልቅነት ይለወጣልና፣ ሰው ተቀምጦበት ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መወዛወዝ አለበት። ተወጥሮ የቀረ ሰንሰለት ኋላው ሲሰምጥ የማርሽ ሳጥኑን ዘንግ ኩሽኔታ ይጎትታል።

ሞተሩ ያለ ሰው የሰመጠበት ቁጥር ከሌላው በላይ የሚናገር ሲሆን ብዙ መካኒክ ግን ጭራሽ አይለካውም። ነጂው ሲቀመጥ 30 መጥቶ፣ ያለ ሰው 0 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ሞላው ለዚያ ነጂ ወይም ጭነት በጣም ልል ነው፤ ከፍታውን ያገኘነው በቀለበት አስገድደን ነው። የተቀመጠበት 30 ሆኖ ያለ ሰው 20 ከሆነ ደግሞ ሞላው በጣም ጠንካራ ነው። ከ5 እስከ 15 ያለው ጤናማ ነው። በዚህ ቁጥር አዲስ ሞላ ያስፈልግ አያስፈልግ እንደሆነ ገንዘብ ሳይወጣ ይታወቃል።

ዘይቱን ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም። ኮርቻውን በሁለት እጅ አጥብቆ ወደ ታች ተጭኖ በአንዴ መልቀቅ። ኋላው ወደ ላይ ተመልሶ ወዲያው ከተረጋጋ ዘይቱ አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከነጠረ ሾኩ ሞቷል። በሾኩ ዘንግ ላይ የዘይት እርጥበትና የተጣበቀ አቧራ ካለም እንዲሁ፤ ማልቀስ የጀመረ ሾክ ብዙ አይቆይም። ሁለቱ አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ አንዱን ብቻ መቀየር ሁለት የተለያየ እግር ማቆም ነው።

በከተማችን ሦስት ዓይነት «መፍትሔ» በብዛት ይታያል፤ ሦስቱም ይጎዳሉ። በሞላው ጥምዝ መሐል የጎማ ቁራጭ መሸጎጥ፦ የታፈነው ጥምዝ ሥራውን ለቀሩት ይጥላል፤ ሞላው ከዚያው ቦታ ይሰበራል። ከሞላው አንድ ጥምዝ መቁረጥ፦ የተቆረጠ ሞላ ያጥራል፣ በዚያው ልክ ግን ይጠነክራል፤ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ደረቅ ይሆናል፣ የተቆረጠው ጫፍም ማረፊያውን ይበላዋል። ሦስተኛው፣ የተዘጋ ሾክ በፍሌክስ ቆርጦ የሞተር ዘይት ሞልቶ መበየድ። በውስጡ የሚፈለገው የአየር ቦታ ሳይተው ዘይት ከሞሉት ዘንጉ ሲገባ ዘይቱ የሚሄድበት ስለሌለው ሾኩ እንደ ብረት ይደርቃል ወይም ብየዳው ይፈነዳል። ጎኑ ላይ ትንሽ ጋን ያለበት ሾክ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ከ10 ባር በላይ ናይትሮጅን ጋዝ ሊኖር ይችላል። እሱን መብሳት፣ መቁረጥ ወይም ማሞቅ ሰው የሚገድል ሥራ ነው።

ስለ ኋላው ይህን ያህል ስንል የፊቱ ተረስቷል እንዳይባል፤ በጅማ የሚረሳው እሱ ነው። በአብዛኞቹ የሥራ ሞተሮች የፊት ሾክ ላይ የሚዞር ነገር ስለሌለ ሰው የሚስተካከል አይመስለውም። ይስተካከላል፤ በዘይቱ ዓይነት፣ በዘይቱ ከፍታ እና በሞላው ላይ በሚቀመጠው ቧንቧ።

መጀመሪያ የፊቱ ምን እያደረገ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም ክር እሠሩ፤ ወደ ታች ገፍታችሁ ከአቧራ መከላከያው ጎሚኒ ጋር አስጠጉት። የዘወትር መንገዳችሁን ነድታችሁ ተመለሱ። ማሰሪያው ምን ያህል ወደ ላይ እንደተገፋ ሾኩ የተጓዘውን ያሳያል። በመጥፎው ጉድጓድ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መጠባበቂያ ከቀረ ደህና ነው። ጫፍ ድረስ ተገፍቶ ከሆነና ፍሬን ሲያዝ «ጓ» የሚል ድምፅ ካለ፣ ብረት ለብረት እየመታ ነው፦ ዘይቱ አንሷል ወይም ሞላው ተኝቷል። በተቃራኒው 40 ሚሊ ሜትር ያህል ሳይነካ ከቀረ ዘይቱ በዝቷል ወይም ወፍሯል።

የዘይቱ ዓይነት ላይ ስህተቱ የበዛ ነው። በየጋራዡ ለሞተር የተከፈተው 20 ደብሊው 50 ወይም 40 ቁጥር ዘይት (ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ያመለክታል) የፊት ሾክ ውስጥም ይገባል። የሾክ ዘይት ለብቻው የሚሸጥ ሲሆን የብዙዎቹ የሥራ ሞተሮች መመሪያ የሚያዘው 10 ደብሊው ገደማ ነው፤ ለከባድ ነጂ ወይም ለጭነት 15 ደብሊው ይሞከራል። 10 ደብሊው 40 የሚል የሞተር ዘይት ቁጥሩ ስለተመሳሰለ የሾክ ዘይት አይሆንም፤ ሾኩ በሚሠራበት ሙቀት ከእጥፍ በላይ ይወፍራል። የወፈረ ዘይት ጥፋቱ የሚታወቀው በኮረኮንች ላይ ነው። ሾኩ አንዱን ጉብታ ውጦ ወደ ላይ ከመመለሱ ሁለተኛው ይደርሳል፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ ሹካው ደረጃ በደረጃ እየሰመጠ ሄዶ ከታች ተጭኖ ይቀራል፣ ነጂው «ደረቀብኝ» ይላል። የሾክ ዘይት ከጠፋ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) የሚሸጠው ቀይ ዘይት ውፍረቱ ለቀጭኑ የሾክ ዘይት ይቀርባልና ከሞተር ዘይት ይሻላል። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም፤ ኦይል ሲሉን ይጎዳል፣ እርጥበት ይስባል፣ ቀለም ይልጣል።

ዘይቱን ለመቀየር፣ በሞተሩ ሥር ግንድ ወይም ክሪክ አስገብታችሁ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሡ። ሹካዎቹ ገና በመያዣው እንደተያዙ የላይኛውን መያዣ ብሎን አላልታችሁ የአናቱን ክዳን ግማሽ ዙር ፍቱ፤ ከወጡ በኋላ የሚይዛቸው ስለማይኖር ክዳኑ አይላቀቅም። ጎማውን፣ መከላከያውን ፍቱ፤ የዲስክ ፍሬን ካለ ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን የያዘውን ክፍል) በገመድ ስቀሉት እንጂ በቱቦው አታንጠልጥሉት። ሹካውን አውጥታችሁ ክዳኑን ስትፈቱ ፊታችሁን አርቁ፣ በጨርቅና በመዳፍ ተጫኑት፤ ሥሩ ያለው ሞላ ተወጥሯልና እንደ ጥይት ሊተኩሰው ይችላል። ሞላው የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደነበር ምልክት አድርጉ። ሹካውን ገልብጡና ዘይቱ መንጠባጠብ እስኪያቆም ድረስ እየገፋችሁና እየሳባችሁ አፍስሱት።

ከእያንዳንዱ የወጣውን ለየብቻ ለኩ። ከግራው 150 ሚሊ ሊትር፣ ከቀኙ 90 ከወጣ፣ የቀኙ ኦይል ሲል እየተፋ ኖሯል፤ ዘይት መጨመር ብቻ አይበቃውም። የሚወጣው ዘይት ቡና አተላ የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል፤ በጥቂት አዲስ ዘይት አጥባችሁ ድፉት።

የሚገባው መጠን በመመሪያው ይገኛል፤ በነዚህ ሞተሮች ላይ በአንድ ሹካ ከ130 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ከሞላችሁ በኋላ አየሩ እንዲወጣ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት፤ ጥረቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ሲሰማ አየሩ ወጥቷል። ለ10 ደቂቃ ያህል ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ዋናው ልኬት ከዚህ በኋላ ነው፦ ሞላው ሳይገባ፣ ሹካው እስከ ታች ተገፍቶ፣ ከዘንጉ አፍ እስከ ዘይቱ ገጽ ያለው ርቀት። በሁለቱም ሹካዎች እኩል መሆን አለበት፤ የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ብዙ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 50 ሚሊ ሊትር መርፌ ከነቀጭን ቱቦው ለዚህ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ አያንስም፦ ቱቦው ላይ በፕላስተር ርቀቱን ምልክት አድርጋችሁ፣ ምልክቱ እስከ አፉ አስገብታችሁ ትርፉን ትመጥጣላችሁ፤ አየር መምጠጥ ሲጀምር ልኩ ደረሰ። ከዘይቱ በላይ ያለው አየርም እንደ ሞላ ይሠራል። ዘይቱ ሲበዛ አየሩ ያንሳል፣ በጉዞው መጨረሻ ላይ ሹካው ይደርቃል፣ ከዚህም በላይ ከሆነ ኦይል ሲሉን ገፍቶ ያወጣዋል።

የፊቱ ከመጠን በላይ የሚሰምጥ ከሆነ በሞላው አናት ላይ ያለውን ቧንቧ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር በሚረዝም መተካት ይቻላል። የኤሌክትሪክ መስመር ፕላስቲክ ቧንቧ ወፍራሙ ይሆናል፤ ከላይም ከታችም ሮንዴላ ይግባበት፣ አለዚያ ሞላው ይበላዋል። ሁለቱ በልክ እኩል ይቆረጡ። ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ መጨመር ሞላው ጥምዙ ተደፍኖ እንዲቆም ስለሚያደርግ እዚያ ከመድረስ ሞላ መቀየር ይሻላል።

ሲገጠም የሚዘለል አንድ ደረጃ አለ። ጎማው ከገባ በኋላ ፔርኖው ሳይጠበቅ፣ ሞተሩ መሬት ወርዶ፣ የፊት ፍሬን ተይዞ ሹካው አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች ይገፋ። ሁለቱ ሹካዎች በዚህ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ከዚያ ፔርኖው፣ ቀጥሎ የታችኛው መያዣ፣ በመጨረሻ የላይኛው ይጠበቃል። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ሹካዎቹ ተጣመው ይያያዛሉ፤ አዲስ ዘይት የገባበት ሾክ «ይጣበቃል» የሚባለውም ለዚህ ነው።

የእኛ ጭቃ ለኦይል ሲል ክፉ ነው። በክረምት ቀዩ አፈር ዘንጉ ላይ ይደርቅና በአቧራ መከላከያው ጎሚኒ ሥር እንደ ቀይ ቀለበት ይቀመጣል፤ ሹካው በሠራ ቁጥር ዘንጉን ይፍቀዋል። መተፋት የጀመረ ሾክ ሁሉ ግን ወዲያው ኦይል ሲል አይፈልግም። መከላከያውን ጎሚኒ በጥፍር ወይም በደነዘዘ ነገር አንሥታችሁ፣ ከውኃ ፕላስቲክ የተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ በዘንጉና በሲሉ መሐል አስገብታችሁ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ብታዞሩት የተቀረቀረው አሸዋ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ መተፋቱ ይቆማል። ዘንጉ ላይ የዛገ ጉድጓድ ካለ በ1000 ወይም በ1200 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዘይት ነክታችሁ ጫፉን ብቻ አለስልሱ፤ ጥፍር የሚይዘው ጉድጓድ ከቀረ አዲሱንም ሲል ይቀደዋል። መተፋቱን ቸል ማለት አያዋጣም፤ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ ይወርዳል፣ ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ ደግሞ ታጥቦ አይድንም።

ስለ ጭነት አቀማመጥ በአጭሩ። ማንኛውም ሾክ ከኋላ ፔርኖው ኋላ የወጣን ኬሻ አያስተካክለውም፤ ያ ክብደት የፊቱን ጎማ ያነሣል። የኬሻው መሐል ከፔርኖው ፊት ይሁን፣ ጀሪካኖች ግራና ቀኝ እኩል ይንጠልጠሉ፣ ዝቅ ይበሉ። የሞተሩ ጠቅላላ የጭነት ልክ ነጂውንም ይጨምራል፤ 70 ኪሎ ሰው፣ 60 ኪሎ ኬሻ፣ በላዩ ላይ አንድ ተሳፋሪ ከአብዛኞቹ ሞተሮች ልክ ያልፋል፣ 5ኛ ደረጃም አያድነውም።

ጥያቄያችን ለሦስት ወገን ነው። ሞተር ሳይክል አስመጪዎችና ሻጮች መንጠቆ ቁልፉን ከሞተሩ ጋር ይስጡ፤ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከመሣሪያ ቦርሳው ጋር ይልኩታል፣ ለገዢው ግን አይደርስም። የመመሪያው የሾክ ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ በአንድ ወረቀት ቢታደል ለሻጩ የሚከብድ ወጪ አይደለም። ለግብርና እና ለጤና ባለሙያዎች ሞተር የሚያሰማሩ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የሞተር ዘይት በየጊዜው ሲገዙ የፊት ሾክ ዘይትንም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይ ክረምቱ እንዳለቀ፣ በዝርዝሩ ያስገቡት። የገጠር መንገድ የሚመታው እነዚያን ሞተሮች ነውና። ጋራዦች ሦስቱን ቁጥሮች፣ ማለትም የተንጠለጠለውን፣ የቆመውን እና ሰው የተቀመጠበትን፣ ከተስተካከለው ደረጃ ጋር በደረሰኙ ጀርባ ጽፈው ለባለቤቱ ይስጡ። ኬሻው ሲወርድ ወደ የትኛው ደረጃ እንደሚመለስ ባለቤቱ ከዚያው ላይ ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር
የሞተር ሳይክል ጥገና ባለሙያዎች
ከጅማ